የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ኤሌክትሮማግኔት እንዴት እንደሚሠራ

ቀጥ ያለ ማግኔት ብረት ሲያነሳ የሚሠራለት አንደኛው ጫፉ ብቻ ነው። እንደ ፈረስ ኮቴ ሲታጠፍ ግን ሁለቱ ዋልታዎቹ (ጫፎቹ)፣ ሰሜኑም ደቡቡም፣ ያንኑ ብረት አብረው ይይዙታል። መግነጢሳዊ መስኩም በአየር ውስጥ ሲዞር ከመዳከም ይልቅ በብረቱ በኩል ያልፋል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ስተርጀን በ1825 እ.ኤ.አ. ያሳየው ኤሌክትሮማግኔት (በተጠመጠመበት ሽቦ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍ ማግኔት የሚሆን ብረት) ይህ ቅርጽ ነበረው፤ 200 ግራም ገደማ በሆነ ብረት 4 ኪሎ ያህል አንስቶበታል።

የሚያስፈልገው 22 ሳንቲ ሜትር ባለ 10 ሚሊ ፌሮ፣ 9 ሜትር ያህል ስስ ሽፋን ያለው ባለ 0.5 ሚሊ የመዳብ ሽቦ፣ ናስትሮ፣ ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀትና አንድ ትልቅ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ነው። ሽቦውን ሞተር ከሚጠመጥሙ ሱቆች ያገኙታል። ከተቃጠለ ሞተር የተፈታ ሽቦ ግን አይግዙ፤ ሽፋኑ ስለተቃጠለ ዙሮቹ እርስ በርስ ይነካካሉ። በፌሮ ፋንታ ጠንካራ ብሎን መጠቀምም አልመክርም፤ ባትሪው ከተነቀለም በኋላ ማግኔት ሆኖ ይቀራል።

ፌሮውን በከሰል እሳት ፍም እስኪመስል ያግሉትና 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቧንቧ ላይ በጉጠት ይጠፉት። ከዚያ እንደገና አግለው አመድ ውስጥ ቀብረው ያሳድሩት። ውኃ ውስጥ አይንከሩት፤ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ብረት ይለሰልሳል፣ ለዚህ ሥራ የሚፈለገውም ለስላሳው ነው። በማግስቱ ሁለቱን ጫፎች በሞረድ እኩል ያድርጉና እግሮቹን በናስትሮ ይሸፍኑ።

አሁን ጥምጠማው። እኔ ሁለት ቀን ያባከንኩት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን እግር 100 ዙር ጠመጠምኩ፣ ወደ ሁለተኛው ተሻገርኩና እጄ በለመደው አቅጣጫ ሌላ 100 ዙር ጨመርኩ። ባትሪውን ሳገናኝ ጥቂት ሚስማሮች ብቻ ያዘ። ባትሪው የደከመ መስሎኝ አዲስ ገዛሁ፤ ያው ነው። በመጨረሻ ኮምፓስ ሳስጠጋ ሁለቱም ጫፎች አንድ ዓይነት ዋልታ ሆነው አገኘኋቸው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ያፈርስ ነበር።

ትክክለኛው ይህ ነው። ጫፎቹን ወደ ዓይንዎ አዙረው ሲያዩ አንዱ እግር በሰዓት አቅጣጫ፣ ሌላው በተቃራኒው መጠምጠም አለበት። ሽቦው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር በሁለቱ እግሮች መካከል በሰያፍ ያልፋል፣ ልክ 8 ቁጥርን እጅ ሳያነሱ እንደመጻፍ። ከተምታታብዎ ፌሮው ገና ያልታጠፈ ቀጥ ያለ ዘንግ እንደሆነ ያስቡ፤ በዚያ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ አቅጣጫ ቢጠመጥሙ ኖሮ ሲታጠፍ የሚገኘው ይኸው ነው። ዙሮቹን ጎን ለጎን አጠጋግተው ይደርድሩ፤ 100 ዙር 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይይዛል።

እንደኔ ተሳስተው ከጨረሱ ግን አይፍቱት። እኔ ሁሉንም ከፈታሁ በኋላ ነው አንድ ሞተር ጠምጣሚ ያስተማረኝ፦ መሻገሪያውን ሽቦ መሃሉ ላይ ይቁረጡ፣ ከዚያ የአንዱን እግር ሽቦ ሁለት ጫፎች ቦታ አለዋውጠው ያገናኙ። ጅረቱ በዚያ እግር ላይ ስለሚገለበጥ ዋልታውም ይገለበጣል።

የሽቦውን ጫፎች መዳቡ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቁ። ሽፋኑ ግልጽ ስለሆነ የተፋቀ ይመስላል፣ ግን ጅረት አያሳልፍም። ከባትሪው ጋር ያገናኙና ጠፍጣፋ ብረት ያስይዙት። የሚያልፈው ጅረት ወደ 2 አምፒር ስለሚጠጋ ከ10 ሰከንድ በላይ አያቆዩት፤ ሽቦውም ባትሪውም ይግላሉ። ከግድግዳው 220 ቮልት ጋር ግን በምንም ዓይነት አያገናኙት፤ ሰው ይገድላል።

ባትሪውን ከነቀሉ በኋላም ብረቱ እንደተጣበቀ ሊቆይ ይችላል። ሁለቱንም ጫፎች የዘጋ ብረት መስኩን በውስጡ ይዞ ስለሚያቆየው ነው። ጫፎቹ ላይ ስስ ወረቀት ይለጥፉ፤ የማንሳት ኃይሉ በመጠኑ ይቀንሳል፣ ባትሪው እንደተነቀለ ግን ብረቱ ወዲያው ይወድቃል።