ከዱባይ ጓንዡ ስንት ሰዓት ነው? ርቀቱንና የበረራ ሰዓቱን ራሳችሁ አስሉት

ዱባይ ሆናችሁ ለዕቃ ግዢ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ልትሄዱ ስታስቡ ሰው ብትጠይቁ አንዱ 7 ሰዓት ነው ይላችኋል ሌላው 8 ከምናምን ነው ይላል፣ ቲኬቱን ያየ ደሞ 11 ሰዓት ነው ብሎ ይከራከራል። ሁሉም የቆጠረው የተለያየ ነገር ስለሆነ ነው፣ ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ ከባድ አይደለም።

መጀመሪያ ርቀቱ። ኮምፒውተር ላይ ጉግል ማፕ ክፈቱና ዱባይ ኤርፖርት ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ርቀት መለኪያውን ምረጡ፣ ከዛ ጓንዡ ባይዩን ኤርፖርት ላይ ክሊክ ስታደርጉ ወደ 5,800 ኪሎ ሜትር ያወጣላችኋል። ካርታው ላይ መስመሩ ወደ ሰሜን ጎበጥ ቢል ትክክል ነው፣ መሬት ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ እሱ ነው።

ግን አውሮፕላኑ ያንን መስመር ሙጥኝ ብሎ አይሄድም። ከሰሜን በኩል ሂማሊያና የቲቤት አምባ አለ፣ አምባው በአማካይ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ እና ካቢን ውስጥ የአየር ግፊት ቢቀንስ ፓይለቱ ቶሎ ወደ 3,000 ሜትር አካባቢ መውረድ አለበት፣ እዛ ላይ ደሞ መውረጃ የለም። ስለዚህ ወደ ደቡብ ጠጋ ብሎ በህንድና በማይናማር በኩል ያልፋል፣ ትንሽ ኪሎ ሜትር ይጨምራል ማለት ነው።

ሰዓቱን ለማግኘት ርቀቱን ለ900 አካፍሉት፣ ትልልቅ ጄቶች በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ስለሚበሩ፣ 6 ሰዓት ተኩል ይመጣል፣ ለመነሻና ለማረፊያ 40 ደቂቃ ጨምሩ በቃ 7 ሰዓት ከምናምን። ይሄ ሲሄዱ ነው። ሲመለሱ 8 ሰዓት አንዳንዴም 8 ተኩል ይፈጃል ምክንያቱም ከላይ ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የሚነፍስ ሀይለኛ ንፋስ አለ ጄት ስትሪም የሚሉት፣ ሲሄዱ ይገፋል ሲመለሱ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ በተለይ ከታህሳስ እስከ የካቲት ይበረታል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቲኬቱ ነው። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት መነሻውም መድረሻውም በየከተማው ሰዓት ነው፣ ጓንዡ ደሞ ዱባይን በ4 ሰዓት ይቀድማል፣ ሁለቱም ጋር በጋ ክረምት እየተባለ ሰዓት አይቀየርም ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ 4 ነው። ለምሳሌ ከዱባይ 22:00 ማለትም በኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተነስታችሁ 7 ሰዓት ከሩብ ብትበሩ የምትደርሱት ጓንዡ 09:15 ነው፣ በኛ ጠዋት 3 ሰዓት ከሩብ፣ ዝም ብሎ ለሚቀንስ 11 ሰዓት ከሩብ ይመስላል። ወደ ምስራቅ ስትሄዱ ከልዩነቱ 4 ቀንሱ፣ ስትመለሱ 4 ጨምሩ፣ 14:00 ተነስቶ 18:20 የሚደርስ የመልስ በረራ 4 ሰዓት ከ20 ሳይሆን 8 ሰዓት ከ20 ነው። አዲስ አበባ ቤተሰብ ደውሉልኝ ካላችሁ ደሞ ጓንዡ አዲስን በ5 ሰዓት ይቀድማል።

ትራንዚት ካለው ጠቅላላ የሚለው ሰዓት ኤርፖርት የምትቆዩበትንም ይጨምራል፣ ቀጥታ በረራ ከሆነ ግን ያሰላችሁት ጋር ይቀራረባል።

መድረሻ ሰዓቱ ጎን የመደመር ምልክትና 1 ካለ በማግስቱ ነው የምትደርሱት፣ ሆቴል ስትይዙ እሱን እዩ። ሌሊት 10 ሰዓት 16ኛው ቀን ላይ የምትደርሱ ከሆነ ክፍሉን ከ15 ጀምራችሁ ያዙት፣ አለዚያ ሆቴሎች ብዙ ጊዜ የሚያስገቡት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከነሻንጣችሁ ሎቢ ትቀመጣላችሁ።