ኮምፒውተርን ከቤት ስቴሪዮ ጋር አገናኝቶ ድምፅ መፈተሽ

አንድ ጊዜ የግራው ስፒከር ድምፁ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረኝ ተበላሽቷል ብዬ ከሳጥኑ አውጥቼ ፈታሁት። ሽቦው ደኅና፣ ወረቀቱ ደኅና፣ ማግኔቱም ደኅና ነበር። ጥፋቱ የተገኘው ከሁለት ቀን በኋላ ድምፁን አጉልቶ ወደ ስፒከሩ ከሚልከው ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ነው፤ ነጩ መሰኪያ ላልቶ አንዴ እየነካ አንዴ እየተለየ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፅ ስፈትሽ ከኮምፒውተሩ ተነሥቼ እስከ ስፒከሩ ያለውን መንገድ በየመገጣጠሚያው ሳላረጋግጥ መፍቻ አላነሣም።

የሚያስፈልገው ገመድ ቀላል ነው። በአንድ ጫፉ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ያለ የ3.5 ሚሊሜትር መሰኪያ፣ በሌላው ጫፉ ደግሞ ሁለት አርሲኤ የሚባሉ መሰኪያዎች አሉት፤ ቀዩ ለቀኝ፣ ነጩ (አንዳንዴ ጥቁሩ) ለግራ። በትልቁ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴው ቀዳዳ የድምፅ መውጫ ነው፤ ሮዙ የማይክሮፎን፣ ሰማያዊው የድምፅ መግቢያ ነው። በላፕቶፕ ላይ የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ይበቃል። ብሉቱዝን ለፈተና አልመክርም፤ ድምፁን ጨምቆ ስለሚልከው የምትፈትሹት ስቴሪዮውን ይሁን ጭመቃውን አትለዩም።

በአምፕሊፋየሩ ጀርባ «ኦክስ»፣ «ሲዲ» ወይም «ቴፕ» ከሚሉት መግቢያዎች አንዱን ምረጡ። «ፎኖ» የሚለውን ግን አትንኩ። እርሱ የተሠራው ለሸክላ ማጫወቻ ነው። የሸክላ መርፌ የምታወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ በመሆኑ ፎኖ መግቢያው መቶ እጥፍ ያህል ያጎላዋል፤ በዚያ ላይ ሸክላው ሲቀረጽ የተቀነሰውን ወፍራም ድምፅ መልሶ ያበዛል፣ ቀጭኑን ደግሞ ይቀንሳል። ከኮምፒውተር የሚወጣው ድምፅ ግን ወደ አንድ ቮልት ሊጠጋ ይችላል። ፎኖ ላይ ብትሰኩት የሚሰማችሁ የታፈነና የተሰነጣጠቀ ጩኸት ነው።

ገመዱን ከመሰካታችሁ በፊት አምፕሊፋየሩን አጥፉ፣ የድምፁንም መጠን ዜሮ ላይ አድርጉ። ከዚያ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን፣ ቀጥሎ አምፕሊፋየሩን አብሩ። ስትጨርሱ ደግሞ አምፕሊፋየሩ ቀድሞ ይጥፋ፤ ኮምፒውተር ሲበራና ሲጠፋ የሚያሰማው «ዷ» የሚል ምት ወደ ስፒከሩ እንዳይደርስ ነው። የኮምፒውተሩን ድምፅ ወደ ላይ፣ ከመቶ 80 አካባቢ አድርጉና የሚሰማችሁን መጠን በአምፕሊፋየሩ ቁልፍ ወስኑ። ኮምፒውተሩን ዝቅ አድርጎ አምፕሊፋየሩን ከፍ ማድረግ የገመዱንና የመግቢያውን ሹክሹክታ አብሮ ማጉላት ነው። ድምፁ ሻካራ ከሆነ ግን መውጫው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ሊሆን ስለሚችል ትንሽ ቀንሱ።

ድምፅ «ያሳምራሉ» የተባሉትን ቅንብሮች በሙሉ አጥፉ፦ በኮምፒውተሩ ያለውን ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚያበዛና የሚቀንስ ቅንብር)፣ የዙሪያ ድምፁን፣ በአምፕሊፋየሩም ላይ «ላውድነስ» የሚለውን ቁልፍ። ቤዝና ትሬብሉ፣ ማለትም የወፍራሙና የቀጭኑ ድምፅ ቁልፎች፣ መሐል ላይ ይቁሙ።

አሁን ምንም ሳታጫውቱ ድምፁን ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጉና ጆሮአችሁን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ። ቀላል ሽውታ ቢኖር አያሳስብም። ወፍራምና የማያቋርጥ «ሁምምም» ካለ ግን ከኤሌክትሪኩ መስመር የመጣ ነው፤ መብራቱ 50 ሄርዝ (በሰከንድ 50 ንዝረት) በሆነበት አገር 50ና 100 ሄርዝ፣ 60 በሆነበት ደግሞ 60ና 120 ሄርዝ ላይ ይሰማል። እኔ ያገኘሁት በላፕቶፕ ነው። ቻርጀሩን ከግድግዳው ስነቅለው ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ፣ መልሼ ስሰካው ሁምታው ተመለሰ። ኮምፒውተሩና አምፕሊፋየሩ በሁለት የተለያየ መንገድ ከመሬት ጋር ተገናኝተው፣ የድምፅ ገመዱ ደግሞ ሁለቱን ሲያያይዛቸው ቀለበት ይፈጠራል፤ በቀለበቱ የሚዞረው የኤሌክትሪክ ጅረት ነው የሚያንጎራጉረው። መጀመሪያ ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። ካልተወ በገመዱ መሐል የሚገባ ማግለያ ትራንስፎርመር ይረዳል፤ ሁለቱም መሣሪያዎች ቀዳዳው ካላቸው ደግሞ በብርሃን የሚሠራው ኦፕቲካል ገመድ መዳብ ስለሌለው ቀለበቱን ይቆርጠዋል። የመሬት መስመሩን ከመሰኪያው ላይ ቆርጦ ሁምታን ማጥፋት ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ ያ ሽቦ የተደረገው ሰው እንዳይሞት ነው።

ለፈተናው ኦዳሲቲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። ከማመንጫው ዝርዝር 1000 ሄርዝ ድምፅ ምረጡ፣ ጉልበቱንም ከተቀመጠበት 0.8 ወደ 0.1 አውርዱት። ይህን የምለው ቀጭኑን ድምፅ ለሚያወጣው ለትንሹ ስፒከር ስለምሳሳ ነው፤ ሙዚቃ ውስጥ የሚደርሰው ጉልበት ጥቂት ስለሆነ፣ የማያቋርጥና ከፍ ያለ ቀጭን ድምፅ ሽቦውን ሊያቃጥለው ይችላል።

ቀጥሎ ከ20 እስከ 20000 ሄርዝ የሚወጣ ድምፅ በ30 ሰከንድ አጫውቱ። ትንንሽ ስፒከሮች ታችኛውን ክፍል እምብዛም አያሰሙም፤ ያ ጉድለት አይደለም። መሐል ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር ስትሰሙ ግን አቁሙና ፈልጉ። እኔ ዘንድ የስፒከር ጥፋት የመሰለኝ መንቀጥቀጥ የመስኮት መስተዋት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ በእጄ ስይዘው ጠፋ። ክፍሉ ራሱም ይጫወታል፦ ርዝመቱ 3.4 ሜትር የሆነ ክፍል 50 ሄርዝ አካባቢ ያስተጋባል። ያን ድምፅ ከፍታችሁ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ብትራመዱ ዳርና ዳር ይጎላል፣ መሐል ላይ ይሳሳል። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ተቀምጣችሁ ፈትሹ።

ሁለቱም ስፒከሮች በትክክል መታሰራቸውን ለማወቅ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ድምፅ፣ ለምሳሌ የአንድ ሰው ንግግር፣ አጫውቱ። ተናጋሪው በስፒከሮቹ መሐል የቆመ ያህል ሊሰማ ይገባል። ድምፁ ቦታ አጥቶ ከተበተነና ወፍራሙም ከሳሳ በአንዱ ስፒከር ላይ ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ተገልብጧል ማለት ነው። አምፕሊፋየሩን አጥፍታችሁ ያንኑ አንዱን ብቻ አዙሩት።

አንዱ ወገን ዝም ካለ ደግሞ፣ መሣሪያዎቹን አጥፍታችሁ በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ቀዩንና ነጩን መሰኪያ አለዋውጡ። ዝምታው ወደ ሌላው ስፒከር ከተሻገረ ጥፋቱ በገመዱ ወይም በኮምፒውተሩ በኩል ነው። እዚያው ከቀረ አምፕሊፋየሩ ወይም ስፒከሩ ነውና መሰኪያዎቹን ወደ ቦታቸው መልሳችሁ የስፒከሮቹን ሽቦ አለዋውጡ። አሁንም ዝም ያለው ያው ስፒከር ከሆነ፣ ያን ጊዜ መፍቻውን አንሡ።