የዌልስ ስም መርጣችሁ አነባበቡን ከመቀየራችሁ በፊት

ለልጃችሁ የዌልስ ስም ወዳችሁ አጠራሩን ግን እንደሚመቻችሁ ልታደርጉት ካሰባችሁ፣ ለውጡ የትኛው ድምፅ ላይ እንደሚያርፍ አስቀድማችሁ ለዩ። አናባቢ ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይለመዳል። «ዲላን» በዌልስኛ ወደ «ደላን» ይጠጋል፤ በ1914 ስዋንሲ የተወለደው ገጣሚ ዲላን ቶማስ ግን ራሱ በእንግሊዝኛው አጠራር «ዲላን» መባልን ይመርጥ ነበር። ስለዚህ እዚህ ላይ አትጨነቁ።

የሚያስቸግረው ተነባቢው ነው። በዌልስኛ ነጠላ ኤፍ «ቭ»፣ ድርብ ኤፍ «ፍ»፣ ኤስና አይ ከአናባቢ በፊት ሲመጡ ደግሞ «ሽ» ናቸው። በነጠላ ኤፍ የተጻፈችውን ኤቫ «ኤፋ» ብትሏት፣ ካርዲፍ ውስጥ ዌልስኛ የሚያውቅ አስተማሪ ሁሉ «ኤቫ» ብሎ ይጠራታል፤ ያነበበውም ልክ ነው። «ኤፋ» መባሏን የግድ ከፈለጋችሁ ኤፏን ደርቡ። ለውጡ አናባቢ ላይ ቢሆንም ሪስን «ራይስ» ማለት ግን አይመከርም፤ ልጁ ስሙን ሲያርም ይኖራል።

በእንግሊዝና በዌልስ ልደት በ42 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። መዝገቡ የሚይዘው አጻጻፉን ብቻ ነው፣ አነባበቡን አይደለም። ከዚያ በፊት ስሙን ወረቀት ላይ ጻፉና ምንም ሳትናገሩ ዌልስኛ ለሚችሉ ሁለት ሦስት ሰዎች አስነብቡ። እናንተ ካሰባችሁት ውጪ ካነበቡት ወይ አጻጻፉን ቀይሩ ወይ ነባሩን ድምፅ ያዙ። አገር ቤት ላሉ አያቶች ደግሞ የመረጣችሁትን ድምፅ በፊደላችን ጽፋችሁ ላኩ፤ «ደ» እና «ዲ» በግልጽ ይለያሉ።