ለበጎ አድራጎት ማህበራችሁ በሶሻል ሚዲያ ብር ለማሰባሰብ

ቪዲዮ ከመቅረጻችሁ በፊት አካውንቱን አስተካክሉ። ንግድ ባንክም ይሁን ሌላ ባንክ በማህበሩ ስም የተከፈተና ቢያንስ ሁለት ሰው ካልፈረመ ብር የማይወጣበት ይሁን። በሊቀመንበሩ የግል አካውንት ወይም ቴሌብር ላኩ ካላችሁ መጀመሪያ የሚመጣው ኮመንት "ይሄ የማን ስም ነው?" የሚል ነው፣ ደሞ እውነታቸውን ነው ስንቱ ተበልቷል። የምዝገባ ሰርተፊኬታችሁንም ፎቶ አንስታችሁ ፒን አድርጉት።

አካውንት ቁጥሩን ፖስቱ ስር ብቻ አትጻፉት፣ ፎቶውና ቪዲዮው ላይ ራሱ ይጻፍ። ምክንያቱም አጭበርባሪዎች የናንተን ቪዲዮ አውርደው የራሳቸውን ቁጥር ስር አድርገው ይለቁታል። ቲክቶክ ብዙ አዲስ ሰው ያመጣል ግን ያ ሰው ነገ ላያገኛችሁ ይችላል፣ ስለዚህ ሁሌም ወደ ቴሌግራም ቻናላችሁ ጋብዙት፣ ከዛ ፎርዋርድ ሲደረግ የቻናሉ ስም አብሮ ስለሚሄድ ሰው ተመልሶ ማጣራት ይችላል።

ስትጠይቁ ደሞ "እርዱን" ብቻ አትበሉ። የአንድ ልጅ ደብተር፣ እስክሪብቶና ቦርሳ ስንት እንደሚፈጅ ዋጋ ጠይቃችሁ እሱን ጻፉ፣ ሰው "የሁለት ልጅ እኔ ላይ" ማለት ይቀለዋል። የትምህርት ከሆነ ነሐሴ ላይ ጀምሩ፣ መስከረም ከገባ ሁሉም የራሱን ልጅ እያስመዘገበ ነው ብር የለውም። እና እባካችሁ አንዲት እናት ዘይት አስይዞ ፎቶ ማንሳት ይቅርብን፣ የሚያለቅስ ልጅ ፊት ማሳየትም እንደዛው፣ እቃውንና ስራውን አሳዩ ይበቃል።

ውጪ ላሉት ጎፈንድሚ (በኢንተርኔት ብር ማሰባሰቢያ ድረገጽ) ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ባንክ አይከፍልም፣ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ሰው በራሱ አካውንት ነው የሚያወጣው። ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ ከማህበሩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው፣ ብሩ እንዴት እንደሚደርሳችሁ እዛው ገጹ ላይ ይጻፍ። ላይቭ ከገባችሁ ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት አሪፍ ነው፣ ዋሽንግተን ገና ከሰዓት ነው። መቄዶንያ በዩቲዩብ ላይቭ ሲያሰባስብ ካያችሁ የገባው ብር እየተቆጠረ ሰው ደግሞ እልህ ይጋባል፣ ያቺን ነገር ቅዱ።

ብሩ ከገባ በኋላ ግን ብዙ ማህበር ይጠፋል፣ ዋናው ስራ እዚህ ጋ ነው። እቃው እንደተገዛ ደረሰኙን፣ የባንክ ስቴትመንቱን (የሰጪዎችን ስም ሸፍናችሁ) እና የተረፈውን ብር ጭምር ለጥፉ። ብር ያልሰጠው ሰው ራሱ ይሄን አይቶ ነው ቀጥሎ የሚሰጠው። "ደሞዝ ስንት ትወስዳላችሁ?" ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ ኮመንቱን አታጥፉበት፣ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፣ የናንተ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ጽፋችሁ መልሱለት።