የአባዬ ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራ ፎከሷ በመጨረሻ ተስተካከለ
ደብረ ብርሃን ነኝ፣ አባዬ ድሮ ፎቶ ቤት እያለው የሚሠራባትን ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራ (የታችኛው ሌንስ ፎቶውን ያነሳል፣ የላይኛው ከላይ ባለው መስታወት ለማየት ነው) ከሳጥን አወጣሁና ከአዲስ አበባ ፊልም አስመጥቼ 12ቱንም ፎቶ ጨረስኩባት። ከላይ ሳይ ጥርት ያለ ነው፣ ታጥቦ ሲመጣ ግን እማማ ፊታቸው ብዥ፣ ከፊት ለፊታቸው ያለው የድንጋይ ካብ ቁልጭ! መጀመሪያ እጄ ተንቀጥቅጦ ነው ብዬ ነበር፣ የኛን ብርድ ታውቁታላችሁ መቼም።

ግን ካቡ ጥርት ካለ እጅ አይደለም። የኋላ ክዳኑን ከፍቼ ፊልሙ የሚያርፍባቸው ሐዲዶች ላይ ትሬሲንግ ፔፐር (ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት) ወጥሬ ለጠፍኩ፣ ሹተሩን ቢ ላይ (እስክለቀው ክፍት የሚቆይበት) አድርጌ ይዤ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) 3.5 ከፍቼ፣ ፎከሱን ኢንፊኒቲ (የመጨረሻው ሩቅ) ላይ አድርጌ ሩቅ ያለ የቴሌ ታወር ላይ ደገንኩ። ወረቀቱ ላይ ታወሩ ተገልብጦ ብረቱ ሁሉ ይቆጠራል፣ ከላይ ግን ብዥ። ስለዚህ የሚያነሳው ሌንስ ጤነኛ ነው፣ የሚዋሸው ማያው ነው።

አራት ብሎን ፈትቼ የላይኛውን ክዳን ሳነሳ ምስሉ የሚያርፍበት ደብዛዛ መስታወት ተገልብጦ ነው የተገጠመው! ሸካራው ፊት ወደ ታች፣ ወደ ሌንሱ ማየት ነበረበት። በጥፍሬ ጫር አድርጌ ነው የለየሁት። በመስታወቱ ውፍረት ብቻ ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ ጣጣ። ገልብጬ ገጠምኩት፣ ታወሩ ከላይም ከኋላም እኩል ጠራ። (ከሥሩ ያለውን ፊት ማያ መሳዩን መስታወት በጨርቅ እንዳትፈትጉት፣ ብሩ ላዩ ላይ ስለሆነ ይላጣል።)

አባዬን ማን ገለበጠው ብለው "አቧራ ልጠርግ ብዬ አንዴ ፈትቻት ነበር መሰለኝ" ብሎኝ ቡናውን መጠጣት ቀጠለ።