ጊታራችሁን ዘይት ከመቀባታችሁ በፊት

የጊታር አንገት ከሆነ ከቫርኒሽ ይልቅ ዘይት ይሻለኛል። እጅ ሲያልበው አይዝም። ሲጫጫር ደግሞ ያቺኑ ቦታ አሸት አድርጎ መልሶ መቀባት ነው። ሚውዚክ ማን የሚባለው የአሜሪካ ጊታር አምራች ብዙ አንገቶቹን ለጠመንጃ ሰደፍ በሚቀባ ዘይትና በሰም ነው የሚጨርሳቸው። መርጫ ማሽን አያስፈልግም፤ ጨርቅ ካለ በረንዳ ላይ ይሠራል። ቀላል ስለሚመስል ግን ሁሉም ዘው ብሎ ይገባበታል። ከዚያ ተበላሽቶ እኔ ጋ ይመጣል። የሚመጣው ጥፋት ደግሞ ሁሌም ያው ነው።

ትርፉን ዘይት ሳይጠርጉ መተው

በዚህ ላይ ትዕግሥቴ አልቋል። በቅርቡ የመጣልኝን አንድ አንገት ላሳያችሁ። ከሩቅ ሲታይ ያብለጨልጫል፣ ያምራል። ስይዘው መዳፌ ተጣበቀ። ከሦስተኛው ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ከሦስተኛው፣ ጀርባ ላይ የባለቤቱ አውራ ጣት አሻራ ከነመስመሩ ታትሟል። ከማስቀመጫ ሳጥኑ የለቀቀ ቀይ የከፈይ ብናኝ ከላይ እስከ ታች ፀጉር አብቅሎበታል።

"ምን ያህል ቀባኸው?" አልኩት።

"አንዴ ብቻ። ግን ወፈር አድርጌ።"

"መቼ?"

"ኧረ ወር አልፎታል።"

በዘይት ሥራ ወፈር አድርጎ መቀባት የሚባል ነገር የለም! ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ነው የሚጠጥረው። ከወፈረ ላዩ ቆዳ ያወጣል፤ ከሥር ያለው አየር ስለማያገኝ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። ብዙ የጊታር አንገት የሚሠራበት ሜፕል ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ነው። ትንሽ ይጠጣል፣ ከዚያ በቃኝ ይላል። ስለዚህ ቀቡት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ላይ የሚወጣ ነገር እስኪጠፋ ጥረጉት። "ምንም አልቀረም እኮ!" ካላችሁ ልክ ናችሁ። በማግስቱ ድገሙት። ሦስት አራት ስስ ዙር ይበቃል። የዚያን ልጅ አንገት በአኳራጃ በራሰ ጨርቅ ሳሸው ግማሹ ለቀቀ፤ የቀረውን በምላጭ እየፋቅሁ ነው ያወጣሁት።

የወጥ ቤት ዘይት

የወይራና የፓልም ዘይት በጭራሽ አይጠጥሩም። የሱፍ ዘይት ቢዘገይም ግማሽ በግማሽ ነው የሚይዘው። የተልባ ዘይት ጥሩ ነው። ሆኖም ለምግብ የተጨመቀው ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጃል። ለእንጨት የሚሸጠው ማድረቂያ ስለተጨመረበት ባንድ ቀን ገደማ ይይዛል። ምድጃ ላይ ማፍላት ያንን ማድረቂያ አይተካም፤ እሳት ግን ሊያስነሳ ይችላል። "ተንግ ኦይል" (ከተንግ ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ የእንጨት ዘይት) የሚል ጠርሙስ ስታዩም ጀርባውን አንብቡ። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ቫርኒሽና ማቅጠኛ ነው። መጥፎ ናቸው አላልኩም፤ የገዛችሁትን እወቁ ለማለት ነው።

ቀለሙን በኋላ ማስታወስ

ማቅለሚያ የሚፈልገው ባዶ እንጨት ነው። ዘይት አንዴ ከገባ የሚሰርግበት ቦታ ተደፍኗል። በውኃ የሚሟሟ ማቅለሚያን ዘይት ውስጥ ጨምሮ መበጥበጥም ከንቱ ድካም ነው፤ አይዋሃዱም። ከዘይቱ ጋር መቀላቀል ካማራችሁ በዘይት የሚሟሟውን ግዙ።

ውኃ ያለበት ማቅለሚያ የእንጨቱን ፀጉር ያቆማል። መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ አርጥቡት። ሲደርቅ በ320 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፀጉሩን ቀስ ብላችሁ ላጩት፣ ከዚያ አቅልሙ። ወረቀቱን ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር ሂዱበት። ባዶ እንጨት ላይ የማይታይ አግድም ጭረት ማቅለሚያ ሲነካው ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። የኮላ ጠብታ ደግሞ ማቅለሚያ አያስገባም፣ ነጣ ያለ ነቁጥ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱንም ቀድሞ ለመያዝ እንጨቱን በአኳራጃ ማራስ ነው። ዘይቱ ሲቀባ የሚመጣውን መልክም ያኔ ታዩታላችሁ። እንጨቱ አግድም የተቆረጠበት ጫፍ፣ ለምሳሌ የአንገቱ ራስ አናት፣ ከሌላው ይበልጥ ቀለም ይጠጣል። እሱን ከሌላው ይበልጥ አለስልሱት፣ ያኔ ይመጣጠናል።

በቁራጭ እንጨት ሳትሞክሩ ለምትጀምሩ ምን እንደምል ታውቃላችሁ።

በቡና ማቅለም የሚወድ ሰውም አይጠፋም። ሽታው ደስ ይላል። ነጭ ሜፕል ላይ ግን ደጋግማችሁ ብትቀቡትም የምታገኙት ፈዘዝ ያለ ቡኒ ነው። ያረጀ ጊታር ላይ የምናየውን ቢጫ ከፈለጋችሁ የተልባ ዘይት ራሱ ከጊዜ ጋር ወደዚያ ያደላል። ጥቁር ከሆነ የምትፈልጉት ወፍራም ሻይ ቀቡት። ሲደርቅ የብረት ሱፍ የከረመበት ኮምጣጤ ድገሙበት። የሻዩ ታኒን ከብረቱ ጋር ሲገናኝ እንጨቱ ዓይናችሁ እያየ ይጠቁራል።

ይኸው የብረት ሱፍ ለማለስለሻ ሲሆን ሌላ ጣጣ አለው። የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ፒክአፕ ማግኔት ነው፤ ብናኙን ሁሉ ይሰበስባል። በፕላስተር ሸፍኑት ወይም ፈታችሁ አውጡት።

ፍሬትቦርዱንም አብሮ መቀባት

ፍሬቶቹ የተተከሉበት ገጽ የተሠራው ሮዝውድ ወይም ኢቦኒ ከሚባል እንጨት ከሆነ ተዉት። ሮዝውድ የራሱ ቅባት አለው፤ የተልባ ዘይት እዚያ ላይ በደንብ እንዳይጠጥር ያደርገዋል፣ በየፍሬቱ ጥግም ቆሻሻ ይይዛል። ሜፕል ፍሬትቦርድ በዘይት ብቻ ከተተወ ደግሞ ጣት በሚያርፍበት ቦታ በላብና በእድፍ ይጠቁራል። አንዳንዱ ያን መልክ ይወደዋል። እኔ አልወደውም።

ጨርቁን ጠቅልሎ መጣል

ይህ ከጊታሩ ማማርና አለማማር ጋር አይገናኝም። ዘይት ሲጠጥር ሙቀት ያወጣል። የተዘረጋ ጨርቅ ሙቀቱን ለአየር ይለቃል። ተጠቅልሎ ቅርጫት ውስጥ ከገባ ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ይከማቻል፣ ከሰዓታት በኋላ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት በራሱ ይቀጣጠላል። "የዘይት ጨርቅ ምን ያህል ቢያቃጥል?" ለሚል ሰው የፊላደልፊያን እነግረዋለሁ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1991 ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተባለ ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ ተቃጠለ። እሳቱ የተነሳው 22ኛው ፎቅ ላይ እንጨት ሲያድሱ የነበሩ ሠራተኞች ትተዋቸው ከሄዱ በተልባ ዘይት የራሱ ጨርቆች ነበር። ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱበት።

ጨርቁን ውጭ ገመድ ላይ ነጠላ ነጠላውን ዘርጉት፤ ደርቆ እስኪገረር ድረስ እዚያው ይቆይ። ገመድ ከሌላችሁ ውኃ የሞላ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት። ቅርጫት ግን አይሆንም። ለነገ ብላችሁ ጥግ ላይ መወርወርም እንዲሁ።

ክር ለማሰር መቸኮል

ብርድና እርጥበት ዘይትን ያዘገያል። አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሆናችሁ በበጋ ባንድ ቀን የሚይዘው ዘይት ሁለት ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ቀን ከመቁጠር አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ አሽትቱት። ዘይት ዘይት ካለ ገና ነው። ሽታው ሲጠፋ ክሩን እሰሩ።