ውኃና ስንቅ ወደ ጀልባ ማድረስ፦ ከባሕር ዳር ወደ ጣና ደሴቶች ለሚሻገር

ወደ ደቅ ወይም ወደ ሌላ የጣና ደሴት ለጥቂት ቀናት ሥራ የሚሻገር ቡድን ጉልበቱን የሚጨርሰው ሐይቁ ላይ አይደለም። ከመኪናው እስከ ጀልባዋ ባለችው አጭር መንገድ ነው። አንድ ጀሪካን ከቤት ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ መሬት፣ ከመሬት ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ ጀልባ ሲባል አምስት ጊዜ ይነሣል። ክብደቱን መቀነስ አይቻልም፤ የሚነሣበትን ጊዜ መቀነስ ግን ይቻላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚሁ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስሌቱ ይሠራ። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ነው፤ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ሲሞላ ከነራሱ 21 ኪሎ ይሆናል። ባለ 2 ሊትር የታሸገ ውኃ ስድስቱ በአንድ እሽግ 12 ኪሎ፣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው። ቤንዚን ከውኃ ስለሚቀል 20 ሊትሩ 15 ኪሎ ገደማ ነው። ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው በቀን 5 ሊትር ቢያዝ፣ 10 ሰው ለ4 ቀን 200 ሊትር ማለትም 10 ጀሪካን ይፈልጋል፤ ይህ 210 ኪሎ፣ የሦስት ሰው ክብደት ነው። ለሦስት ሰው የሚሆን ቦታ ተሳፋሪ ሳይያዝበት በፊት ለባለ ጀልባው ይነገረው። ለዕቃና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን ውኃ ከከተማ መሸከም ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ከሐይቁ ተቀድቶ ይፈላል።

ጀሪካኑ ራሱ መመረጥ አለበት። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ይዞ የነበረ ጀሪካን በምንም ዓይነት እጥበት ለመጠጥ አይመለስም፤ ተለይቶ በቀለም ምልክት ይደረግበት። የዘይት ጀሪካን በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ ትንሽ አሸዋ ገብቶበት ደጋግሞ ቢናጥ ይጠራል። ከመጓዙ በፊት በነበረው ማታ ሞልቶ በጎኑ ያስተኙት፤ ጠዋት ሥሩ ከረጠበ ክዳኑ ያፈሳል ማለት ነው። ድርብ የፌስታል ቁራጭ ከክዳኑ ሥር ገብቶ ሲጠብቅ አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል። እጀታው እጅ የሚቆርጥ ከሆነ ከከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ይጠምጠም። አፉ ድረስ አይሞላ፤ 1 ሊትር ያህል አየር ይተውለት። ይህ አየር ኋላ የሚጠቅምበት ቦታ አለ።

ከሁሉ የሚሻለው ውኃውን አለመሸከም ነው። ባዶዎቹን ጀሪካኖች ጀልባዋ ውስጥ ቦታ ቦታቸው ላይ ደርድሮ፣ ከዳር ካለ ቧንቧ በጎማ መሙላት። ቧንቧ ከሌለ 200 ሊትር በርሜል በፒክአፕ ጀርባ ጭኖ በተቻለ መጠን ወደ ዳር ማስጠጋት ነው። የበርሜሉ ሥር ከጀሪካኑ አፍ 1 ሜትር ያህል ከፍ ካለ ውኃው በራሱ ይወርዳል። ጎማውን መጀመሪያ በውኃ ሞልቶ፣ ሁለቱን ጫፍ በአውራ ጣት ደፍኖ፣ አንዱን በርሜሉ ውስጥ አስገብቶ ሌላውን ዝቅ አድርጎ መልቀቅ ይበቃል፤ በአፍ መሳብ አያስፈልግም፣ ለመጠጥ ውኃም ነውር ነው። እዚህ ላይ የጎማው ውፍረት ልዩነት ያመጣል፦ 15 ሜትር የሆነ የግማሽ ኢንች ጎማ አንዱን ጀሪካን ለመሙላት ከሦስት ደቂቃ በላይ ሲወስድ፣ የ3/4 ኢንቹ አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይፈጅበትም። ጎማው መሃል ላይ ጉብታ ሠርቶ አየር ከያዘ ፍሰቱ ይቆማል፤ ወጥ ሆኖ ቁልቁል መውረድ አለበት።

በርሜሉን ራሱን ጀልባ ላይ ማውጣት ግን አይሞከር። ግማሽ የቀረው በርሜል ውስጥ ያለው ውኃ ጀልባዋ ባዘነበለች ቁጥር ወደዚያው ጎን ሮጦ የበለጠ ያዘነብላታል። ሙሉ ጀሪካን እንዲህ አያደርግም።

መሸከም ግድ ሲሆን መንገዱ ይወስናል። ደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ የእጅ ጋሪ የሚያክለው የለም። ጭነቱ ከመንኩራኩሩ በላይ ሆኖ ትንሽ ወደ ሚጎትተው ሰው ይበልጥ፤ ወደ ኋላ ከበዛ እጀታው ወደ ላይ ይነሣና ጋሪው ይገለበጣል። ቁልቁለት ላይ ከኋላ በገመድ የሚይዝ አንድ ሰው ይኑር። የግንባታ ካሪዮላ በአንድ ጎማ ስለሚሄድ ለጠባብ መንገድ ጥሩ ነው፤ ሁለት ጀሪካን ግን ይበቃዋል። ጭቃ ሲሆን ጎማ ይሰጥማል፤ ያን ጊዜ ባሬላ ይምጣ። ሁለት ሰው በባሬላ ሦስት ጀሪካን ይዞ ይሄዳል፤ አጭሩ ሰው ዳገት ሲወጣ ከፊት፣ ቁልቁለት ሲወርድ ከኋላ ይሁን። ባሬላ ከሌለ ጠንካራ ዘንግ ይበቃል፤ ነገር ግን የጀሪካኑ ገመድ ዘንጉ ላይ ሁለት ጊዜ ካልተጠመጠመ ወደ ታችኛው ሰው ይንሸራተታል። አንድ ሰው በእጁ የሚይዝ ከሆነ በአንድ እጅ 20 ሊትር ከሚንጠለጠል በሁለቱም ባለ 10 ሊትር ቢይዝ ወገቡ አይጣመምም።

አምስትና ከዚያ በላይ ሰው ካለ፣ ርቀቱም አጭር ከሆነ፣ ማንም አይመላለስ። በአንድ ሜትር ተኩል ልዩነት ፊት ለፊት እየተያዩ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ይቁሙና ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብሉ። የሚንቀሳቀሰው ወገብ እንጂ እግር አይደለም። ጀልባው ውስጥ የሚቆመው ሰው ልምድ ያለው ይሁን፤ ድርደራው የእሱ ነው።

ጀልባዋ አፍንጫዋን አሸዋ ላይ ጥላ ስትጫን እንደ ድንጋይ ትተከላለች፤ ሲጨርሱ ማንም አይገፋትም። ጉልበት በማይደርስ ውኃ ላይ ተንሳፍፋ ከፊትም ከኋላም ትታሰር። በአንድ ገመድ ብቻ የታሰረች ጀልባ እግር ሲያርፍባት ትሸሻለች፤ ሰው ከነሸክሙ ውኃ ውስጥ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። መሸጋገሪያው ሳንቃ 5 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር፣ 30 የሚሰፋ፣ ከ3 ሜትር ያልረዘመ ይሁን። በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ቀጭን እንጨት ይቸንከርበት፤ ጭቃ የረገጠ ጫማ ልሙጥ ሳንቃ ላይ አይቆምም። የጀልባው በኩል ያለው ጫፍ ይታሰራል፣ የመሬቱ በኩል ግን አይታሰርም፤ ጀልባዋ ስትወርድና ስትወጣ አብሮ መንሸራተት አለበት። በአንድ ጊዜ አንድ ሰው።

ጣና ዙሪያ ብልሃርዝያ አለና በባዶ እግር ውኃ ውስጥ ቆሞ መጫን ልማድ አይሁን፤ ቦቲ ጫማ ይግዙ። በግንቦትና በሰኔ ሐይቁ ስለሚሸሽ ጀልባ ከዳር ርቃ ልትቆም ትችላለች። ያ የተተወው 1 ሊትር አየር የሚያገለግለው እዚህ ነው፦ እጀታቸው በአንድ ገመድ የታሰረ ጀሪካኖች ስለሚንሳፈፉ፣ ከጀልባው ላይ ሆኖ መጎተት ይቻላል። ክዳናቸው በፌስታል የጠበቀ ይሁን፤ ከመከፈታቸው በፊትም አፋቸው በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ጨርሶ የተሞላ ጀሪካን ግን እንደመስጠም ስለሚል አያምኑት።

አደራደሩ፦ ውኃው መሃል፣ ወለሉ ላይ፣ ለሁለቱም ጎን እኩል። ሲሚንቶ ካለ ከሥሩ ርብራብ ይግባ፤ ጀልባ ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ሥሩን ያደነድነዋል። የጤፍ ዱቄት፣ ሽሮና በርበሬ በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልለው ከላይ። ነዳጁ ከሞተሩ አጠገብ፣ ከምግቡ ሩቅ፤ የቤንዚን ሽታ የገባበት ዱቄት እንጀራ ሆኖም ይሸታል። ሁሉም በሸራ ተሸፍኖ ይታሰር፤ የሕይወት አድን ጃኬቶቹ ግን ከሸራው ውጭ። ሰው ሁሉ ከተሳፈረ በኋላ ከውኃው እስከ ጀልባዋ ከንፈር ድረስ ይለኩ፦ 30 ሴንቲ ሜትር ካልቀረ ዕቃ ወይም ሰው ይውረድ። «ትንሽ ነው፣ ትሄዳለች» የሚል ሁልጊዜ ይኖራል፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን የጣና ማዕበል ግን እሱ አያቆመውም። ስለዚህም ከንጋቱ 11 ሰዓት ተጭኖ 1 ሰዓት ላይ መነሣት ነው። ማታ መጫን ቀላል ቢመስልም በክረምት የሌሊት ዝናብ ጀልባዋን ሞልቶ ያድራል።

የደንገል ታንኳ ሌላ ነገር ነው። እንጨት ጭኖ ከዘጌ ባሕር ዳር ሲገባ ለሚያየው የማይሸነፍ ይመስላል፤ ደንገሉ ግን በየቀኑ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ባለፈው ሳምንት የቻለውን ጭነት ዛሬ ላይችል ስለሚችል ስንት ጀሪካን እንደሚይዝ ባለ ታንኳው ብቻ ይወስን።

ለማራገፍ የሚሆን እጅም አስቀድሞ ይቆጠር። እንደ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ባሉ ገዳማት ሴቶች ስለማይገቡ፣ ግማሹ ቡድን ሴት ከሆነ ማቀባበሉ የሚቀረው ለወንዶቹ ብቻ ነው። ድንጋያማ ዳር ላይ የኋላው ሰው በዘንግ ከድንጋዩ እያራቀ ይያዛት፤ መጀመሪያ ቀላሉ ዕቃ፣ መጨረሻ መሃል ያለው ውኃ ይውረድ። መሃሉ ቀድሞ ከወጣ ከላይ የቀረው ዕቃ ጀልባዋን ያንገዳግዳል።

በመልስ ጉዞ ባዶዎቹ ጀሪካኖች ክዳናቸው ጠብቆ በሁለቱም ጎን ከውስጥ ይታሰሩ። ጀልባዋ ውኃ ቢሞላባት እያንዳንዱ 19 ኪሎ ያህል ያነሣል።